ቢጫውን ቀዳዳ ለደፈኑት ክቡር ኃላፊ

ይድረስ፦ ስምዎንም ሀገርዎንም ለማላውቀው፣ የእጅዎን ሥራ ግን ጠዋትና ማታ ለማየው፣ የአዲሶቹ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች ሠሪና አዛዥ (ፈጣሪ እንዳልልዎ ፈጣሪ አንድ ነው)፤

ካሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እርስዎና ባለቤትዎ፣ ልጆችም ካሉዎት ልጆችዎ፣ ሁሉም በየቤታቸው አድረው በየቤታቸው እንደ ነጋላቸው ተስፋ አደርጋለሁ። እኔም ከደብረ ታቦር ዝናብና ብርድ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና ነኝ ማለቴ ደብዳቤ የሚጀመረው እንዲያ ስለሆነ ነው እንጂ እውነቱን ለተናገረ ሰው ከፍልሰታ መግቢያ ጀምሮ ልቤ በቦታው የለም፤ የበር መዝጊያ በነፋስ በተንኳኳ ቁጥር እደነግጣለሁ።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው ክቡርነትዎን በሰው ፊት ለማሳጣት ፈልጌ ሳይሆን አድራሻዎን ስላጣሁ ብቻ ነው። የቴሌቪዥኑን ካርቶን ገልብጬ አየሁት፤ ጃንጥላ፣ ብርጭቆና ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ተስሎበታል፤ የእርስዎ ስም ግን የለበትም። የከተማችንን ቴሌቪዥን ሻጮች ብጠይቅ «ፋብሪካው ነው» አሉኝ። ፋብሪካው የት ነው ብል አንዱ ቻይና አለ፣ አንዱ ቱርክ አለ፣ ሦስተኛው ደግሞ «አባባ፣ ቢያውቁትስ ምን ሊያደርጉት ነው?» አለኝ። ልክ ነው፤ ምንም አላደርገውም። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ፣ ዕድሜዬን በእህል መጋዘን ጠባቂነት የፈጀሁ፣ ሚስቴን የቀበርኩ ሰው ነኝ። መጻፍ ግን ማንም አልከለከለኝም፤ ስለዚህም ምስጋናዬንና አቤቱታዬን በቁጥር በቁጥር አድርጌ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ቴሌቪዥኑን ስላቀጠኑልን እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። ልጄ ሸጊቱ ከዓረብ ሀገር ስትመለስ ከነካርቶኑ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ያመጣችው የእርስዎ ሥራ ከጠረጴዛው ላይ ሲቆም ስፋቱ ከመስኮታችን ይበልጣል፤ ውፍረቱ ግን ከመዝሙረ ዳዊቴ አይበልጥም። ባለቤቴ ትእዛዝ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በእጇ የሠራችው የቴሌቪዥን ዳንቴል ነበረን። የእርስዎ ቴሌቪዥን ጀርባ የለውምና ዳንቴሉን ባለበስነው ቁጥር ተንሸራትቶ ይወድቃል፤ እኔም ባነሳሁት ቁጥር ትእዛዝን አስባታለሁ። ለዚህም ውለታዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ቢጫው ቀዳዳ። ነገሩ እንዳይምታታብዎ ከሥሩ ልነሣ። ሸጊቱ በሠራተኛነት የኖረችበት ቤት ልጆች አድገው የሰለቻቸውን አሮጌ የጌም ማሽን ሰጥተዋት ይዛው መጥታለች። እዚያ ሳለች የቤቱ ትንሽ ልጅ እንቅልፍ እምቢ ሲለው አብራው ትጫወት ነበርና በኳሱ ጨዋታ የሚያህላት የለም። ከመጣች በኋላ ለመንገድ የወጣችውን ክፍላችንን ኖራ ቀባች፣ አግዳሚ ወንበር አስገባች፣ በበሩም ላይ በቀይ ቀለም «ጌም ቤት» ብላ ጻፈች። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በደጃችን ነው የሚያልፉት። ጎረቤቱ «የሙላቴ ልጅ ባሕር ተሻግራ የተማረችው ይህን ነው?» ብሎ ተሳለቀ፤ ክቡርነትዎን አልዋሽዎትም፣ እኔም በሆዴ አፍሬ ነበር። ኋላ ግን ቀለም እየቀባች ስታፏጭ ሰማኋት። ከመጣች ወዲህ ድምፅ አውጥታ ደስ ሲላት የሰማሁት ያን ቀን ነውና እፍረቴን ዋጥ አድርጌ ባልዲውን ያዝኩላት።

ማሽኑ ባለ ሦስት ራስ ገመድ አለው፤ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ። ሥዕሉ የሚወጣው በቢጫው ነው አለችኝ። ቢጫውን ይዛ በቴሌቪዥንዎ ጀርባ ዞረች፣ በጎኑ ዞረች፣ በጣቷ ዳር ዳሩን ዳበሰችው። የለም። ሌላ ዓይነት ጠፍጣፋ አፍ እንጂ ቢጫ የሚባል ቀዳዳ የለም። ቦታ ጠብቦ ነው እንዳልል ከመስኮት የሚሰፋ ዕቃ ነው፤ ምናልባት ቀዳዳውን የነፈጉን ብርድ እንዳይገባ አስበውልን ይሆናል።

ሦስተኛ፤ ከባሕር ዳር ስላስመጣነው መቀየሪያ። የጣት ርዝመት ያላት ጥቁር ሳጥን ናት፤ በአንድ በኩል ቢጫውን ትቀበላለች፣ በሌላው በኩል በእርስዎ አፍ ትገባለች። ሥዕሉ መጣ፤ ዕልልታው ገና ከአፌ ሳይወጣ ግን ነገሩን አየነው። ሎጋዎቹ ኳስ ተጫዋቾች ወደ ጎን ተለጥጠው አጭርና ወፍራም ሆነዋል፣ ቀለማቸው ብዙ እንደ ታጠበ ጨርቅ ለቋል፣ ፊታቸው በጭጋግ ውስጥ ያለ ይመስላል። ጊዜው ፍልሰታ ነበርና አንዱ ተማሪ «እትዬ ሸጊቱ፣ እነዚህ ልጆች ጾም የሚባል አያውቁም እንዴ?» አላት። ይባስ ብሎም ጆይስቲኩን ከተጫኑት በኋላ ተጫዋቹ ወዲያው አይመታም፤ ትንሽ አስቦ፣ ምናልባትም ተማክሮ ነው እግሩን የሚያነሣው። ሌላው ተማሪ «ምቱ በዋናው መሥሪያ ቤት ፀድቆ እስኪመጣ ነው» አለና ወንበሩ ሁሉ በሳቅ ተነቃነቀ። እሷም አብራ ሳቀች። በማግሥቱ የመጡት ጥቂቶች ናቸው፤ ከዚያ በኋላማ አግዳሚው ላይ የምቀመጠው እኔ ብቻ ሆንኩ። ልጄ የቴሌቪዥንዎን ቅንብር ስትነካካ ትውላለች፤ አንዱን ስታቀና ሌላው ይጣመማል። ማፏጨቷም ቀረ።

አራተኛ፤ አራተኛውን ቁጥር ከጻፍኩ በኋላ ብዕሬን አስቀምጬ ወጥቼ ተመልሻለሁ። ክቡር ሆይ፣ እስካሁን የነገርኩዎት ቀልድ ነው። የሚቀጥለው ቀልድ አይደለም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሸጊቱ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። ግድግዳችን ቀጭን ነው። «ከፍልሰታ በኋላ ይሁን፤ አባቴ አያውቅም» አለች። ጥቂት አዳመጠችና ደግሞ «አዎ፣ በዚያው በፊተኛው መንገድ» አለች።

የፊተኛውን መንገድ እርስዎ አያውቁትም። በወልድያ አድርጎ ወደ በረሃ የሚወርድ፣ ከበረሃውም በጀልባ ባሕር የሚሻገር መንገድ ነው። ያን ጊዜ አብረዋት ከሄዱት መካከል ድምፃቸው እስከ ዛሬ ያልተሰማ አሉ። የእሷም ስልክ ተዘግቶ ነበር። ትእዛዝ ስልኩን በጉያዋ ይዛ ትተኛ ነበር፤ ሲጮህ የምትሰማው እሷ እንድትሆን። ልጅቱ ተሻግራ ደወለች፤ እናቷ ግን ልጇን በዓይኗ ሳታያት አረፈች። ሸጊቱ በአውሮፕላን ስትመለስ ከእናቷ የተረፈ ዳንቴል ነው የጠበቃት። አሁን ደግሞ ደላላ ይደውልላታል።  ወጥቼ አልጠየቅኋትም። ብጠይቃት «አዎ» ትለኛለች ብዬ ፈራሁ፤ ካለችኝ በኋላ ደግሞ የምኖርበትን ቀን ፈራሁ።

አምስተኛው ፍርሃቴ የባሰ ነው፤ ስለሱ ተጠያቂው እርስዎ ይሁኑ እኔ ገና አልለየሁም። ያንኑ ሰሞን እራት ስናቀርብ ሸጊቱ እንደ ዋዛ «ያ የእማ ቴሌቪዥን ቢኖር ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር፤ እሱ ሦስቱም ቀዳዳ ነበረው» አለች። ጉርሻው ከእጄ ወደቀ።

የእማዋ ቴሌቪዥን፣ ያ ከኋላው ትልቅ ሆድ ያለው፣ የት እንደ ደረሰ ልንገርዎ። ልጄ በበረሃ ጠፍታ፣ ስልኳ ተዘግቶ በነበረበት ሰሞን ለእመቤታችን ስለት ተሳልኩ። «ልጄን በሕይወት ለቤቴ ብታበቂልኝ በቤቴ ካለው ዕቃ ሁሉ የምንወደውን እሰጥሻለሁ» አልኩ። የምንወደው እሱ ነበር፤ እሑድ እሑድ ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ ያየበት። ሸጊቱ ስትመጣ ስለቴን አደረስኩ፤ በጥር በዓል በባጃጅ ጭኜ ወደ ደብራችን ወሰድኩት። እርስዎ በሠሩት ጠፍጣፋ ዘመን ማን ይፈልገዋልና፣ በጨረታው ማንም ሳይጫረተው ዕቃ ቤት ገባ። ለልጄ ግን «አርጅቶ ነው» አልኳት እንጂ ስለሷ መሆኑን አልነገርኳትም፤ ስለት አይወራም ብዬ።

እንግዲህ ያስተውሉልኝ። ልጄን ያመጣልኝ ያ ቴሌቪዥን ነው፤ ልጄን ሊያስቀርልኝ የሚችለውም ያው ቴሌቪዥን ሆኖ ተገኘ፤ እኔ ደግሞ ሰጥቼዋለሁ።

ሌላ ፍለጋ ያልሄድኩበት የለም። ይፋግ ድረስ ወርጄ የባለቤቴን ወንድም ደምሴን ጠየቅሁት፤ አለኝ ብሎ በኩራት ወሰደኝና የውስጡ ዕቃ ወጥቶ ዶሮ የታቀፈችበትን ቀፎ አሳየኝ። የደምሴ ሚስት «ሃያ አንድ ኢንች ነው፣ ጫጩቶቹ ተመችቷቸዋል» አለችኝ። ወንዛዬ ፍል ውኃ ዘንድ ካለ አንድ ማደሪያ ቤትም አንዱን አገኘሁ፤ እሱ ግን እንፋሎት ሲጠጣ ኖሮ ሲሰካ ጭስ እንጂ ሥዕል አላወጣም።

ስመለስ የንስሐ አባቴን መምሬ አለምነውን አገኘኋቸው። ልጠይቃቸው የፈለግሁትን በአፌ ማውጣት ከበደኝ። የፈራሁት ዕቃውን ማጣት ብቻ አልነበረም፤ ስለቱን መልሼ ከወሰድኩ ስለቱ ያመጣትስ ተመልሳ ትወሰድ ይሆን ብዬ ነው። እኔ ያመንኩት በእመቤታችን ነው ወይስ በዕቃዬ ስል ራሴን መረመርኩ፤ መልሱንም አላገኘሁትም። በመጨረሻ ግን ነገርኳቸው፤ መምሬ አለምነው ሰምተውኝ «አያ ሙላቴ፣ የሰጡት የእሷ ነው፤ ስለት አይመለስም። ጨረታ ግን ለሁሉም ክፍት ነው፤ እንደ ማንም ሰው ቆመው ይጫረቱ» አሉኝ።

ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ጾሙ ተፈታ፤ ከቅዳሴ በኋላ በደብራችን ቅጥር ግቢ የስለቱ ጨረታ ተጀመረ። ካፊያው አላቋረጠም፤ ሕዝቡ በየጃንጥላው ሥር ቆሟል። አጫራቹ ደሴ ነው፤ አፉ የተባረከ ልጅ ነው። ምንጣፉን ሸጠ፣ ጠቦቱን ሸጠ፣ መጋረጃውን ሸጠና የእኔን ቴሌቪዥን በሁለት ሰው አስይዞ አወጣው። «ምእመናን! ይህ ቴሌቪዥን ከጥር ጀምሮ ዕቃ ቤት ከመጻሕፍት ጋር ነው የከረመው፤ ኃጢአት አላየም!» አለ። ሕዝቡ ሳቀ። እኔ እጄን አነሣሁ።

ክቡርነትዎ የደብር ጨረታ አይተው እንደሆነ አላውቅም። እዚህ ሰው የሚጨምረው ዕቃውን ፈልጎ ብቻ አይደለም፤ ለእመቤታችን ብሎ ነው። እኔ ስጠራ ወይዘሮ ሙሉ፣ እህል ነጋዴዋ፣ «ለእሷማ በዚህ አይቀርም!» ብለው ጨመሩ። እኔም ጨመርኩ፤ እሳቸውም በደስታ ጨመሩ። ደሴ «አያ ሙላቴ፣ ወይዘሮ ሙሉ ሊቀድሙዎት ነው፣ ወደ ጽድቅ ነው ሩጫው!» እያለ ያሟሙቃል። ሕዝቡ ያጨበጭባል። ሴትዮዋ ቴሌቪዥኑን እንደማይፈልጉት አውቃለሁ፤ የሚጨምሩት ከልባቸው ደግነት ነው፤ ደግነታቸውም ልጄን ወደ በረሃ እየገፋብኝ ነው። የምጠራው ገንዘብ እያለቀብኝ ሄደ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ ትእዛዝን ስቀብር እንኳ ሐዘን እንጂ ፍርሃት አልነበረብኝም።

በሰው ፊት ቆሞ መናገር የማልወድ ሰው ነኝ። ግን ሳላስበው ጃንጥላዬን ጥዬ ወደ መሐል ገባሁ። «ይህ የእኔ ነበር» አልኩ። «ልጄ በበረሃ በጠፋች ጊዜ ተሳልኩት፤ መጣችልኝና ሰጠሁ። አሁን ደግሞ በዚያው መንገድ ልትሄድብኝ ነው። ይህ ዕቃ በቤቴ ካለ ትቀርልኝ ይሆናል፤ አላውቅም፤ ግን ሌላ የማውቀው ነገር የለም።» ከዚህ በላይ አልወጣልኝም።

ሳቁ ጠፋ።  ወይዘሮ ሙሉ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። «ልጄ ማሬዬም በዚያ መንገድ ነው የሄደችው፤ ስልኳ ዛሬም ዝግ ነው። እኔ የምሳለው ቴሌቪዥን አልነበረኝም» አሉ። ከዚያም ወደ አጫራቹ ዞረው «ደሴ፣ ዝጋው። የጠራሁትን ለእመቤቴ እኔ እከፍላለሁ፤ ዕቃውን እሱ ይውሰድ» አሉት። ደሴም፣ ያ አፈኛ፣ ቀልዱን ትቶ ጨረታውን ዘጋ።

ልጄ በሴቶቹ በኩል ቆማ ኖሯል። አላየኋትም ነበር። የሷ ምሥጢርና የእኔ ምሥጢር በአንድ ጊዜ ሕዝብ መሐል ወድቀዋል፤ ቀና ብዬ ላያት አልደፈርኩም። እሷ ግን መጥታ ነጠላዋን አደገደገችና «አባዬ፣ በፊት ለፊቱ እርስዎ ይያዙ፤ ሆዱን ለእኔ ይተዉት፣ ወገብዎን ያምዎታል» አለችኝ። በባጃጅ ስንመለስ በመካከላችን ቴሌቪዥኑ ነበረና ፊቷን ማየት አልቻልኩም።

ቤት ገብተን ቢጫውን በቢጫው ሰካችው። ቁልፉ ሲጫን ጠቅ አለ፣ እንደ ንብ ጥዝዝ አለ፣ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ ሞቀና ሥዕሉ መጣ። ቀለሙ ቀለም ነው። ሲጫኑት ያኔውኑ ይመታል፤ የሚያማክረው የለም። ተጫዋቾቹም ጾሙ በተፈታ ቀን ቀጠኑ። ሸጊቱ ጎል አገባችና ዞር ሳትል «ማን ነገረዎት?» አለችኝ። «ግድግዳው ቀጭን ነው» አልኳት። ጆይስቲኩን አስቀመጠች። «ገና ቁርጥ አላደረግሁም ነበር» አለች። «አሁንስ?» ማለት ነበረብኝ፤ እኔ ግን ጠረጴዛውን ልደግፍ ተነሣሁ።

ጠረጴዛው የእርስዎን ቀጭን ሥራ ለመሸከም የተሠራ ነውና ለዚያ ሆድ አልበቃም፤ ይንገዳገዳል። ልጄ ከዓረብ ሀገር የመጣችበትን ትልቁን ሻንጣ አወጣች፣ በብርድ ልብስ ጠቅጥቃ ሞላችው፣ ከጣውላ ላይ አጋድማ ቴሌቪዥኑን በላዩ አስቀመጥን። የእናቷንም ዳንቴል አለበሰችው፤ ጀርባ አግኝቶ ተቀመጠ። ሻንጣውን ለማውጣት መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን ማንሣት አለባት፤ ለማንሣትም ሰው፣ ማለትም እኔን፣ መጥራት አለባት። ይህን አስቤ ትንሽ ደስ አለኝ። ወዲያው ግን በበረሃ የሚሄድ ሰው ሻንጣ እንደማይዝ ትዝ አለኝ።

ተማሪዎቹ ተመልሰዋል፤ አግዳሚው ሞልቷል፣ ሳቁም ሌላ ዓይነት ሳቅ ነው። እኔ ከክፍሉ ጀርባ ተቀምጬ ዳዊቴን እደግማለሁ፤ ጆሮዬ ግን ግድግዳው ላይ ነው። ያ እንደ ንብ የሚለው ድምፅ ካለ ልጄ አለች። መብራት ሲሄድ ድምፁ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ «ሸጊቱ!» ብዬ እጣራለሁ፤ እሷም «አለሁ አባዬ» ትለኛለች። እንዲህ ነው የምንኖረው። መብራቱ ሲመለስ በኃይል መጥቶ አሮጌውን ዕቃ አንድ ቀን ያቃጥልብኝ ይሆን እያልኩ እፈራለሁ፤ ሌላ የት እንደማገኝ አላውቅምና።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ከእግርዎ ሥር ወድቄ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። በሚቀጥለው ቴሌቪዥንዎ ከጎኑ፣ ከሥሩ፣ ሰው በማያየው ቦታም ቢሆን አንዲት ቢጫ ቀዳዳ ይተዉልን። ቀዳዳዋ ለእርስዎ የስሙኒ ሥራ ናት። ለእኛ ግን ስንት ሰው በእሷ በኩል ቤቱ እንደሚቀር እርስዎ ከወንበርዎ ላይ ሆነው ሊያዩት አይችሉምና አልፈርድብዎትም።

ከዓይን የራቁትን ክቡርነትዎን በቀጭኑ መስታወት በኩል በየዕለቱ እጅ የሚነሣ፣ ልጁን በጆሮው የሚጠብቅ፣

ሙላቴ ተስፋነህ
ከጌም ቤቱ በስተጀርባ ካለችው ክፍል፣ ደብረ ታቦር

ማስታወሻ፦ ልጄ ፈጽማ ከቀረችልኝ የእርስዎን ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ለደብሩ እሰጣለሁ ብዬ ልሳል አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ፈራሁና ተውኩት። ባለፈው የሰጠሁት የሚያስፈልገኝ እሱ ሆኖ ተገኝቷል፤ እርስዎንም እስካሁን በሥራዎ እንዳወቅሁዎት ነገ ደግሞ ሌላውን ቀዳዳ መድፈንዎ አይቀርም። ስለዚህ ሥራዎን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር አስቀምጬዋለሁ፤ የሚፈለግበት ቀን ሲመጣ እርስዎም ቢቸግርዎት ይምጡ፣ በጨረታ አላስቸግርዎትም።